ከካቴድራል መስኮት እስከ አፍሪካ አዳራሽ

ደገሀቡር ካቴድራል የላትም። ከጅጅጋ ወደ ቀብሪደሃር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጀረር ሸለቆ የተቀመጠች፣ ማለዳ በአዛን የምትነቃ የእስልምና ከተማ ናት። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አደረጃጀት የሶማሌ ክልል በሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት ሥር ይታቀፋል፤ ከዚያ ያለፈ ግንኙነት ያለ አይመስልም። ስለዚህ የካቴድራል ጥበብ፣ በተለይም የባለቀለም መስታወት ታሪክ ከደገሀቡር ሲነሣ የሚገርመው አንባቢ ይኖራል። እኔ ግን በአገራችን ትልቁ የመስታወት ስዕል የያዘው ጉዳይ ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ይልቅ ደገሀቡርን የሚነካ ይመስለኛል። ምክንያቴን ታሪኩ ራሱ ስለሚያሳይ ከሥሩ ልጀምር።

ባለቀለም መስታወት በአውሮፓ ካቴድራሎች የተስፋፋው በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስሙ እጅግ የገነነው በፈረንሳይ አገር ያለው የሻርትር ካቴድራል ነው። እ.ኤ.አ. በ1194 እሳት ቤተ ክርስቲያኑን ሲበላው ከእሳቱ ከተረፉት ጥቂት ነገሮች አንዱ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሰማያዊ መስታወት ነበር። ሕዝቡ ካቴድራሉን መልሶ ሲያንጽ መስኮቶቹን ሁሉ በባለቀለም መስታወት ሞላቸው፤ ስፋታቸው ተደምሮ 2,600 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የከተማው ሰዎች መስታወቱን ከመስኮት እያወረዱ ከቦምብ ሰውረውታል። ከጦርነቱ በኋላም እያንዳንዱ ወደ ቦታው ተመልሷል።

የአሠራሩ መሠረት ዛሬም ያው ነው። አሸዋ፣ በጥንቱ አሠራር ከእንጨት አመድ ጋር፣ በኃይለኛ እሳት ይቀልጣል። ቀለሙ የሚመጣው ገና በመቅለጥ ላይ ሳለ ከሚጨመረው ማዕድን ነው፤ ኮባልት ሰማያዊ ያደርገዋል፣ መዳብ እንደ እሳቱ አያያዝ ቀይ ወይም አረንጓዴ ይሰጣል። ባለሙያው ስዕሉን መጀመሪያ በሙሉ መጠኑ ይነድፍና መስታወቱን በንድፉ ልክ ይቆራርጣል። የፊት ቅርጽ፣ የጣት መስመር፣ የልብስ እጥፋት በጥቁር ቀለም ይሣልበታል፤ ቀለሙ እንዳይለቅ መስታወቱ ተመልሶ ምድጃ ይገባል። ከዚያ ቁርጥራጩ አንድ በአንድ በቀጭን የእርሳስ ዘንግ ይታቀፋል፣ መጋጠሚያው በቆርቆሮ ይበየዳል። የሐረር ሴቶች ልዩ ልዩ ቀለም የተነከረውን አለላ አንዱን ካንዱ እያጠላለፉ ሙዳይ ሲሰፉ ያየ ሰው የዚህን ሥራ ትዕግሥት ይረዳዋል። አንዲት ስንጥር ከሳተች ጌጡ በሙሉ ይበላሻል።

ማንበብ የማይችለው ምእመን ቀና ብሎ የአዳምን መውደቅ፣ የሙሴን መከራ፣ የጌታን ልደት በብርሃን ያነባል። የካቴድራል መስኮት ዋና ሥራ ይህ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ይኸው ሥራ ለግድግዳ ተሰጥቶ ኖሯል። የደገኛው ቤተ ክርስቲያን መስኮት ጠባብ ነው፤ ውስጡ ጨለም ይላል፤ ታሪኩ በመቅደሱ ዙሪያ ግድግዳ ላይ ተሥሎ በጧፍ ብርሃን ይታያል። ካህኑ በመቋሚያው ጫፍ እያመለከተ ያስተምርበታል። ስለዚህ መስታወት ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ስዕል ወደሌለበት አገር አልመጣም።

የካቶሊክ ሚሲዮናውያንም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲመጡ ያገኙት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ዓድዋ የደረሱት አባ ያዕቆብ፣ በትውልድ ስማቸው ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ የአገሩን ጾም ጾመው፣ በግእዝ ሥርዓት ቀደሱ። በትግራይ ዛሬም ካቶሊኩ በግእዝ የሚቀድሰው ከዚያ በመነሣት ነው። በምሥራቅ በኩል የሆነው ሌላ ነበር። ካፑቺናውያን መነኮሳት፣ በኋላ ካርዲናል በሆኑት በጉሊየልሞ ማሳያ መሪነት ወደ ኦሮሞ ምድር ገብተው ነበር፤ እርሳቸው በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1879 ከአገር ከወጡ በኋላ ተተኪያቸው ሞንሲኞር ቶሬን እ.ኤ.አ. በ1881 ሐረር ደረሱ። ከተማዋ ያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች። በምሥራቅ ያለው የካቶሊክ ሥርዓት እስከ ዛሬ የላቲን ነው።

ሐረር ላይ ስማቸው ጎልቶ የቀረው ግን የሞንሲኞር ቶሬን ተተኪ የሞንሲኞር እንድርያስ ዣሮሶ ነው። ራስ መኮንን አምነዋቸው ልጃቸውን ተፈሪን፣ ኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የሆኑትን፣ በእርሳቸው ዘንድ አስተማሩ። ቀጥተኛ መምህሩ አባ ሳሙኤል ነበሩ። የደገሀቡርና የጅጅጋ ምድር በመንፈሳዊ አስተዳደር የሚታሰበው በሞንሲኞር ዣሮሶ ክልል ውስጥ ነበር። ቪካሪያቱ በዚህ ዘመን ያተረፈው ስም በመስኮቱ ውበት አልነበረም፤ በሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደሩ፣ በትምህርት ቤቱና መጀመሪያ ሐረር ኋላም ድሬዳዋ በተተከለው ማተሚያ ቤቱ ነው። ድሆች ላይ የዋለ ገንዘብ ነበር፤ ለመስታወት የተረፈ አልነበረም ብል አልሳሳትም።

ከዚያ የጣሊያን ጦርነት መጣ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ የተተኮሰው ጥይት ኦጋዴንን ከሁሉ በፊት የጦር ሜዳ አደረጋት። ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የደቡብ ምሥራቁን ጦር ይመሩ ስለነበር ደገሀቡር የስንቅና የጦር ማዕከል ሆነች፤ በዚህም ምክንያት አውሮፕላን ይመላለስባት ጀመር። በመጋቢት 1928 ጅጅጋ በቦምብ ነደደች፤ በሳምንቱ ሐረር ተከተለች። ሐረር ጦር የሌለባት ክፍት ከተማ ናት ተብሎ አስቀድሞ ቢታወጅም አልዳነችም። በሚያዝያ መጀመሪያ የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ በሦስት አቅጣጫ ተንቀሳቀሰ። ሳሳበኔ ላይ የነበረው የኢትዮጵያ ምሽግ ተሰበረ። ሚያዝያ 22 ቀን የጣሊያን ጦር ደገሀቡር ገባ፤ ከአምስት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ተያዘች። ሞንሲኞር ዣሮሶም ዕድሜያቸውን ካሳለፉባት ሐረር በጣሊያን ዘመን እንዲወጡ ተደርገው እ.ኤ.አ. በ1941 ቱሉዝ ላይ አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1928 ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙት አቤቱታ ዛሬ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በግድግዳ ስዕል ይታያል። በዚያው ካቴድራል መስኮቶች ላይ የብሉይና የሐዲስ ኪዳን ታሪክ በባለቀለም መስታወት ተሠርቷል። ጄኔቫ ከእነዚያ ቅዱሳን ጋር በአንድ ጣራ ሥር ስትታይ ጦርነቱ ያደረሰው ቁስል ምን ያህል እንደነበር ይሰማኛል።

ጦርነቱ ሲጀመር አንኮበር ላይ አንድ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር፤ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ። ከነፃነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተላከ። ልቡ ግን ስዕል ላይ ነበረና መምህራኑ ዝንባሌውን አይተው ወደ ጥበብ መሩት። መጀመሪያ ለንደን በሚገኘው ሴንትራል የጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ የጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ተመልሶ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእይ አሳየ። በዚያ ዝና ረክቶ ቢቀመጥ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እርሱ ግን ከዐውደ ርእዩ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ጣሊያንን፣ ፈረንሳይን፣ ስፔንን፣ ፖርቱጋልን፣ ግሪክን እየዞረ የካቴድራሎቹን መስታወትና ሞዛይክ አጠና። በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የተከማቹትን የኢትዮጵያ የብራና ስዕሎችም ፈልጎ አያቸው። የሻርትርን ዘመን እጅና የጎንደርን ብራና በአንድ ጉዞ ያጠና ወጣት ምን ይዞ እንደሚመለስ መገመት አያዳግትም።

ሲመለስ ሥራው ተከታተለ። በዓድዋ ድል ማግስት የተጀመረውና ጣሊያን በወረራው ዘመን ያቃጠለው የአራዳ ጊዮርጊስ በስዕሎቹና በሞዛይኮቹ አጌጠ። ለሐረር ደግሞ ራስ መኮንንን በፈረስ ላይ ያሳየው ሐውልት ቆመ። ያ ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ወድቋል። ሐውልቱ ለአንዱ ክብር፣ ለሌላው የቁስል ምልክት እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን የባለሙያው ድካም ምን እንደነበር ሳይታይ መፍረሱ ያሳዝነኛል።

ታላቁ ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም አዳራሽ አስፈለገው። የአፍሪካ አዳራሽ የተባለውን ሕንፃ የነደፈው አርቱሮ መዘዲሚ የተባለ ጣሊያናዊ አርክቴክት ነው። ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። መግቢያው ላይ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ቦታ በመስታወት ስዕል የመሙላቱ ሥራ ለአፈወርቅ ተሰጠ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ጣሊያን በቦምብ የደበደባት አገር፣ ጣሊያናዊ በነደፈው ሕንፃ ላይ፣ ስለ ቅኝ ግዛት የሚናገር መስኮት በራሷ ልጅ አሠራች።

መስኮቶቹ ሦስት ናቸው፤ የሥራው ርእስ የመላው አፍሪካ ነፃ መውጣት ነው። አንደኛው ያለፈውን አፍሪካ ያሳያል፤ ቀይ ቀለም ይበዛበታል። ሰዎች በሰንሰለት የተጠፈረችውን አህጉራቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ያዘግማሉ፤ አለንጋ የያዘ አጽም ከኋላ ይነዳቸዋል። ሁለተኛው አረንጓዴ ነው። እዚያ አፍሪካዊው ከዘንዶ ጋር ይታገላል፤ ዘንዶው ቅኝ ግዛት ነው። ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያይ ማን እንደሚያስታውስ ግልጽ ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ዘንዶውን በጦር የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ ከፈረሱ ወርዶ በአፍሪካዊ ሰው መልክ መጥቷል። ሦስተኛው ወርቃማ ነው፤ የዛሬውና የነገው አፍሪካ። አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ችቦ ይዞ ከፊት ይታያል፤ ከኋላው የየአገሩን ልብስ የለበሱ አፍሪካውያን ይከተላሉ። የተባበሩት መንግሥታት አርማ ያለበት ጥሩር የለበሰም አለ። ፀሐይ ስትወጣ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ቢጫው ወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ በዚያ የሚያልፈው ሰው ልብሱ ሳይቀር ቀለም ይለብሳል።

አፈወርቅ የወሰደው የካቴድራሉን ቋንቋ ነው፤ ያለፈ ኃጢአትና መከራ፣ ትግል፣ ከዚያ ክብር። ቅዱሳኑን አውጥቶ በቦታቸው ሕዝብን አስገባ። በሻርትር መስኮት ሥር የሚንበረከከው ገበሬ ነበር፤ በዚህኛው ሥር የሚያልፉት የአገር መሪዎች ሆኑ። ደፋር ሐሳብ ነው፤ በዚያ ዘመን በዓለም ካየናቸው የመስታወት ሥራዎች ጋር ቢወዳደር የሚያሳፍር አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚህ አዳራሽ ተመሠረተ። ወደ ስብሰባው የገቡት መሪዎች በእነዚያ መስኮቶች ብርሃን ነው ያለፉት። የደገሀቡር ስም በግልጽ ባይጠራም ጉዳይዋ የተነሣው በዚሁ ጉባኤ ነው። ነፃ ከወጣች ሦስት ዓመት ያልሞላት የሶማሊያ ፕሬዚዳንት አደን አብዱላ ዑስማን ሶማሌዎች የሚኖሩበት ምድር በቅኝ ገዢዎች ተቆራርጧል ብለው የድንበሩን ጥያቄ በጉባኤው ፊት አቀረቡ። ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ መለሱላቸው፤ ካርታችንን በሃይማኖት፣ በዘርና በቋንቋ እንደገና እንሣል ካልን ብዙ የአፍሪካ አገሮች ሕልውናቸውን ያጣሉ የሚል ነበር መልሱ። ዘጠኝ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጥርና በየካቲት 1956፣ ሁለቱ አገሮች በድንበር ላይ ተዋጉ። በሱዳን ሸምጋይነት ካርቱም ላይ ተኩስ ቆመ። በዚያው ዓመት ካይሮ ላይ የተሰበሰቡት መሪዎች አገሮች ከቅኝ ግዛት የወረሱትን ድንበር እንዲያከብሩ ወሰኑ፤ ሶማሊያ ግን አልተቀበለችውም።

አፈወርቅ በዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ከሁሉ ቀድሞ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ደግሞ በአውሮፓ ያጠናው ጥበብ ወደ ትክክለኛ የካቶሊክ ካቴድራል መለሰው። ዓዲግራት የሚገኘው የመድኃኔ ዓለም ካቴድራል ጣሊያናዊ መልክ ያለው፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው። ካህናቱ የሚቀድሱት አባ ያዕቆብ ባስተማሩት የግእዝ ሥርዓት ነው። አፈወርቅ በዚያ የመጨረሻውን ፍርድ ሣለ። ኦርቶዶክሳዊ አንኮበሬ፣ ለንደን የተማረ፣ ለካቶሊኮች፣ በግእዝ በሚቀደስበት ሕንፃ ውስጥ ሠራ። ሃይማኖትን ከሃይማኖት ለማጋጨት ለሚቸኩል ዘመናችን ይህ ሥራ ጥሩ መልስ ነው። በአገራችን ካቶሊካዊ የካቴድራል ጥበብ ማየት የሚሻ ሰው ጉዞውን ከዓዲግራት ቢጀምር ይሻላል።

ደገሀቡር ግን ዕረፍት አላገኘችም። በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ ደገሀቡር ተያዘች፤ በመስከረም መጀመሪያ ጅጅጋም ተከተለች። የካቲት 26 ቀን 1970 የኢትዮጵያ ጦር ከኩባ ወታደሮች ጋር ጅጅጋን አስመለሰ፤ በዚያው ሰሞን ደገሀቡርም ተመለሰች። ከተማዋ በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በውጭ ጦር እጅ ወደቀች ማለት ነው። በመጀመሪያው የገባባት የቅኝ ገዢ ጦር ነበር፤ ሁለተኛው ግን በዚያ አዳራሽ የተፈራረመ የአፍሪካ አገር ጦር ነበር። አያቱ የግራዚያኒን አውሮፕላን፣ አባቱ የሶማሊያውን መሪ የዚያድ ባሬን ታንክ ያየ የጀረር ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዩን መስኮት ቢያይ ተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። አረንጓዴው ላይ ግን ሳይቆም አይቀርም፤ ዘንዶው ከወደቀ በኋላ ወንድም በወንድም ላይ የሚነሣበት ሥዕል እዚያ የለምና።

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. አረፉ። የተቀበሩት መስኮቶቹ በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ባጌጡት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ቪላ አልፋ የተባለውን፣ ከአክሱም፣ ከጎንደርና ከሐረር ግንብ መልክ ወስደው የሠሩትን መኖሪያና የሥራ ቤት ትተው ሄዱ። በዚያን ጊዜ የአፍሪካ አዳራሽ ያረጀ ሕንፃ ሆኖ ነበር፤ መስታወቶቹም ግማሽ ምዕት ዓመት የአዲስ አበባን ፀሐይና ዝናብ ችለው ቆይተዋል። የተባበሩት መንግሥታት 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድቦ አዳራሹን አሳደሰ። የመስታወት ጥገና ያወቁ ባለሙያዎች ሥዕሎቹን አጸዱ፣ ጠገኑ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋና ጸሐፊው አንቶኒዮ ጉተሬዝ በተገኙበት አዳራሹ እንደገና ተከፈተ።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለሶማሌ ክልል ትምህርት ቢሮ፣ ለጅጅጋና ለደገሀቡር ትምህርት ቤቶች ርእሰ መምህራን የማቀርበው። ተማሪዎቻችን ለጉብኝት አዲስ አበባ ሲወጡ ሙዚየሙንና ቤተ መንግሥቱን ብቻ አይተው አይመለሱ። ከኮሚሽኑ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ ወደ አፍሪካ አዳራሽ አስገቧቸው፤ የሚቻል ከሆነ ጠዋት፣ ፀሐይ መስታወቱ ላይ ስታርፍ። ከመሄዳቸው በፊት የ1928ን፣ የ1955ንና የ1970ን ታሪክ በክፍል ውስጥ አስተምሯቸው፤ አማርኛ ለሚከብዳቸው በሶማሊኛ። የስዕል ዝንባሌ ያለው ልጅ ካለም ወረቀትና ቀለም አስይዛችሁ ውሰዱት።